ሮዝ አለት ፍለጋ፦ ከብስራተ ገብርኤል ተነስቶ ኮራላይን ቀይ አልጌን በጅቡቲ ዳርቻ ማየት ለሚፈልግ

ባሕር ዳር የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ውኃው ላይ ነው፤ ቀጥሎ ዓሣው፣ ዛጎሉ፣ አሸዋው ላይ። ከእግሩ ሥር ያለውን አለት አጎንብሶ የሚያይ ጥቂት ነው። ያጎነበሰ ግን ውኃ በሚደርስበት ድንጋይ ላይ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ሮዝ ወይም ሐምራዊ ንጣፍ ያገኛል። በጥፍር ቢፍቁት አይለቅም፤ ቢነኩት ጠንካራ ነው። ቀለምም ዝገትም አይደለም። በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ፣ ከባሕር ውኃ የሚያገኘውን ኖራ በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ እያከማቸ ገላውን ድንጋይ የሚያደርግ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ኮራላይን ቀይ አልጌ ይባላል።

የኮራል ሪፍ ሲነሳ ሥራውን ሁሉ ኮራል ብቻውን የሠራው ይመስለናል። ነገር ግን የተሰባበረውን ኮራል እርስ በርሱ የሚያጣብቀው፣ ማዕበል ያለ ዕረፍት የሚመታውን የሪፉን ጠርዝ የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ ይህ ንጣፍ ነው። በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የኮራል እጭ ዕድሜ ልኩን የሚቀመጥበትን ቦታ ሲመርጥም ከባዶ ድንጋይ ይልቅ የተወሰኑ የኮራላይን ዝርያዎች ያሉበትን ድንጋይ ይወዳል። ስለዚህ ሮዙን ንጣፍ ማወቅ የአንድን ዳርቻ ጤና ለማንበብ አንዱ መንገድ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ብስራተ ገብርኤል፣ ሳር ቤት፣ መካኒሳና ለቡ አካባቢ ለሚኖር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሆኖ ባሕርን በመጽሐፍ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ነው። ለብቻ ለሚጓዝም፣ ልጆቹን ይዞ ለሚሄድም፣ ተማሪዎቹን ለሚመራ መምህርም ያገለግላል። ዝርዝሩ ብዙ ቢሆንም ሕጉ አንድ ነው፦ ቀለሙን ሳይሆን ውኃውን ይከተሉ። ኮራላይን አልጌ የሚበቅለው ውኃ ለረጅም ጊዜ በማይለየው አለት ላይ ነው። ውኃው የት እንደሚቆይ ያወቀ ሰው አልጌውን ሳይቸገር ያገኘዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዕቃው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ቤት ውስጥ ይገኛል።

• ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር
• በትንሽ ጠርሙስ የተያዘ አቼቶ፣ ጠብታ ማንሻና የጠርሙስ ክዳን
• ማስመሪያ፣ እርሳስና ጠንከር ያለ ሽፋን ያለው ደብተር (የእስክሪብቶ ቀለም በውኃ ይፈስሳል)
• 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከሽቦ ወይም ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ ክፈፍ፤ ውስጡ በሲባጎ ወደ 25 እኩል ካሬዎች የተከፈለ
• ሶሉ ወፍራም የሆነና እግርን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ፤ ነጠላ ጫማ አይሆንም
• ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር የሚጠጣ ውኃ
• ከተገኘ የዋና መነጽር

ደረጃ 1፦ ዓይንዎንና እጅዎን ቤትዎ ያለማምዱ

ኮራላይን አልጌን ከሌላው አልጌ የሚለየው ገላው የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ማዕድን የተሠራ መሆኑ ነው፤ በውስጡም ብዙ ማግኒዥየም አለ። እንዲህ ያለው ማዕድን አሲድ ሲነካው ይፈላል። ይህን ፈተና ባሕር ሳይደርሱ ይማሩት።

የእንቁላል ቅርፊት፣ የእብነ በረድ ስብርባሪና አዲስ የተፈለጠ ጥቁር የግንባታ ድንጋይ ያዘጋጁ። እብነ በረዱን በምስማር ፋቅ ፋቅ አድርገው ትንሽ ዱቄት ያውጡ። በሦስቱም ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ አቼቶ ያንጠባጥቡና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ቅርፊቱ ላይ ደቃቅ አረፋ ይነሳል፤ የእብነ በረዱም ዱቄት ቀስ እያለ ይፈላል። ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ በመሆኑ ጠብታው ዝም ብሎ ይቀመጥበታል። ሲሚንቶ የተለጠፈበት ድንጋይ አይጠቀሙ፤ ሲሚንቶው ራሱ አረፋ ሊያወጣ ስለሚችል ያሳስታል።

ልጆች ካሉ ይህ ደረጃ የተለየ ትርጉም አለው። በከተማችን ለግንባታ የሚውለው ሲሚንቶ የተቀመመው ከኖራ ድንጋይ ነው፤ በሙገር ሸለቆ የሚቆፈረውም የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን የኢትዮጵያን ምድር ሸፍኖት ከነበረ ባሕር የተረፈ ነው። ሙገርን የፈጠረው ባሕር ዛሬ የምናውቃቸው ኮራላይን አልጌዎች ከመስፋፋታቸው በፊት የነበረ ቢሆንም፣ የባሕር ፍጥረት ገላ ድንጋይ ሆኖ እንደሚቀር ለማስረዳት ከቤታችን ግድግዳ የቀረበ ምሳሌ የለም።

ደረጃ 2፦ ቀኑን በጨረቃ፣ ሰዓቱን በሰንጠረዥ ይምረጡ

ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህልም ይሸሻል። ሽሽቱ በየቀኑ አንድ አይደለም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ ከዚያም በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ውኃው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ርቆ ይሸሻል። እርስዎ የሚፈልጉት እነዚህን ቀናት ነው፤ በሌላ ጊዜ ከውኃ በታች የሚቆየው የአለቱ ክፍል ያን ጊዜ ይገለጣል። ግማሽ ጨረቃ በሆነበት ሳምንት ከሄዱ ግን የሚፈልጉት ቦታ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይቆይብዎታል።

የጅቡቲን ወደብ የባሕር ሙላትና ሽሽት ሰንጠረዥ በስልክዎ ያገኛሉ። ከፍታውን የሚያሳየው ቁጥር ባነሰ መጠን ውኃው ይበልጥ ይሸሻል። ሰዓቱን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። ሰንጠረዡ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 07:10 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 1:10 ማለት ነው። ጅቡቲና ኢትዮጵያ የሚጠቀሙት አንድ የሰዓት ክልል ስለሆነ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልግም። ሰንጠረዡ በግሪንዊች ሰዓት የተዘጋጀ ከሆነ ግን ሦስት ሰዓት ይደምሩ። ሽሽቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ እንደሚሄድም ያስታውሱ።

ከወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። በክረምታችን ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይወጣል፤ ጥላ በሌለው አለት ላይ ለሰዓታት መቆየት ለጤና ያሰጋል። በተመረጠውም ወር ቢሆን ሽሽቱ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ የሚውልበትን ቀን ይምረጡ።

ደረጃ 3፦ ጉዞውን ያዘጋጁ

ለብስራተ ገብርኤል ነዋሪ የባሕሩ መንገድ የሚጀምረው ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅ ነው። የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አልፎ፣ በደወሌ በኩል ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ከተማ ዳር ያለው ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከደጋ ወደ ባሕር ጠለል ያወርዳል። የመንገደኛ ባቡር የሚሄድባቸው ቀናት ስለሚለዋወጡ፣ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የባቡሩን ፕሮግራም ከጨረቃው ቀን ጋር ያገናዝቡ። ቀናቱ ካልገጠሙ አውሮፕላን አለ።

ፓስፖርት፣ የመግቢያ ፈቃድና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አስቀድመው ያጣሩ። ጅቡቲ የወባ ስጋት ያለባት አገር ስለሆነች አጎበርና የትንኝ መከላከያ አይርሱ።

ደረጃ 4፦ ዳርቻውን ይምረጡ

አሸዋማ ዳርቻ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አሸዋ ስለሚንከባለል ንጣፍ የሚሠራ አልጌ ሥር አይዝበትም፤ የማይነቃነቅ አለት ያስፈልጋል። በጅቡቲ ሁለት ዓይነት አለት ያገኛሉ።

የመጀመሪያው የቀድሞ ኮራል ነው። ጅቡቲ ከተማ ራሷ የቆመችው በጥንታዊ የኮራል ድንጋይ አምባዎች ላይ ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያሉት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶችም የኮራል ደሴቶች ሲሆኑ ከከተማዋ በጀልባ ይደረስባቸዋል። ይህ አለት ነጣ ያለና ሸካራ ነው፤ ጉድጓዱና ስንጥቁ ብዙ ስለሆነ ባሕሩ ሲሸሽ ውኃ ይይዛል።

ሁለተኛው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። በአርታ በኩል ባለው የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጥቁር ባዛልት እስከ ውኃው ይወርዳል። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። በጥቁር ድንጋይ ላይ ሮዙ ጎልቶ ይታያል፤ በተጨማሪም ድንጋዩ በአቼቶ ስለማይፈላ፣ አረፋ ያወጣው የተለጠፈው ነገር እንጂ አለቱ እንዳልሆነ ያለ ጥርጥር ያውቃሉ።

ወደብ ክልል፣ ወታደራዊ ሰፈርና የታጠረ ቦታ አጠገብ አይሂዱ፤ ፎቶም አያንሱ። ቦታውን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይዞ መሄድ የሁሉም ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ከላይ ወደ ታች ይውረዱ

ውኃው ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብለው ዳርቻው ላይ ይገኙ። ውኃውን ተከትለው ቀስ እያሉ ይውረዱ፤ መመለስ ሲጀምር እርስዎም ይመለሱ። በሚወርዱበት ጊዜ አለቱ በእርከን እርከን የተከፋፈለ መሆኑን ያያሉ።

የላይኛው እርከን የማዕበል ፍንጣቂ ብቻ የሚደርሰው ነው። በስንጥቆቹ ውስጥ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ አንዳንድ ቦታ ውኃው ተንኖ ነጭ ጨው ይተዋል። እዚህ ኮራላይን አልጌ አይፈልጉ። ሮዝ ነገር ካዩ ዝገት ወይም የጀልባ ቀለም ነው።

መካከለኛው እርከን በየቀኑ የሚሸፈንና የሚገለጥ ነው። ከአለቱ ጋር የተጣበቁ ኦይስተሮች፣ ጠርዛቸው የሚቆርጥ ጥቃቅን ቅርፊታሞችና ቆብ የመሰሉ ቀንድ አውጣዎች እዚህ ይኖራሉ። ገላጣው አለት ላይ ኮራላይን አልጌ አይታይም፤ ወደ ጉድጓዶቹ ይመልከቱ። ባሕሩ ሲሸሽ ውኃ ይዞ የቀረ ጉድጓድ ሲያገኙ አጠገቡ ይንበርከኩ። የጉድጓዱ ግድግዳ ከታች ጀምሮ ሮዝ ሆኖ ይወጣና የውኃው ወለል ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በላይ አንዳንድ ጊዜ የጣት ውፍረት ያህል ነጭ ጠርዝ አለ፤ እዚያ ድረስ ሊያድግ ሞክሮ ፀሐይ ያደረቀው ክፍል ነው። ሮዙ፣ ነጩና ባዶው አለት ተከታትለው የሚታዩበት ይህ ጠርዝ የመመሪያውን ዋና ሕግ በአንድ ጊዜ ያሳያል።

የታችኛው እርከን ባሕሩ ርቆ በሚሸሽባቸው ቀናት ብቻ የሚገለጥ ነው። የመጡት ለዚህ ነው። ንጣፉ ከጉድጓድ ወጥቶ ገላጣውን አለት ይይዛል። በተለይ ሰሜን ዞር ያሉና ጥላ የሚያገኙ ፊቶችን፣ የተንጠለጠሉ አለቶችን ሥር፣ የሰፋፊ ስንጥቆችን ውስጥ ይመልከቱ። ማዕበል አጥብቆ በሚመታው በኩል ንጣፉ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ፍንጣቂው ስለሚያረጥበው ነው። ማዕበል በማይደርስበት ጸጥ ያለ ጥግ ግን ዝቅ ብሎ ይቀራል።

በዚህ እርከን የባሕር ጃርትና አልጌ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎች ካሉ ተስፋ ያድርጉ። ኮራላይን አልጌ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለስላሳና ፈጣን አልጌዎች በላዩ ከበቀሉ ብርሃን ይከለክሉታል። ግጦሹ እነዚያን ያነሳለታል፤ እሱ ራሱ ጠንካራ ስለሆነ ግጦሹን ይችላል። የላይኛውን ስስ ሽፋኑን እየቀረፈ በመጣልም የተለጠፈበትን ያራግፋል።

ከዚህ በታች ያለው ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ነው። መዋኘት የሚችሉ ከሆነ በዋና መነጽር ይመልከቱ። ቀይ አልጌዎች ፋይኮኤሪትሪን የተባለ ቀይ ቀለም ስላላቸው ወደ ጥልቁ የሚወርደውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን መጠቀም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በባሃማስ ባሕር ውስጥ በ268 ሜትር ጥልቀት ሕይወት ያለው ኮራላይን አልጌ ተገኝቷል፤ ለሰው ዓይን ጨለማ በሚመስል ቦታ ማለት ነው። አለት ያዡ አልጌ ከላይ የሚከለከለው በድርቀት፣ ከታች የሚከለከለው በብርሃን እጥረት ነው።

ደረጃ 6፦ ያዩትን ይለዩ

ኮራላይን አልጌ በሦስት መልክ ይመጣል።

ንጣፍ፦ አለቱን አጥብቆ የያዘ ቅርፊት። ከወረቀት የሚሳሳም፣ ብዙ ሴንቲ ሜትር የሚወፍርም አለ። ሁለት ንጣፎች ሲገናኙ ድንበራቸው ላይ ከፍ ያለ መስመር ይሠራሉ። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ሪፎች ጠርዝ ላይ የታወቀው ፖሮሊቶን ከዚህ ወገን ነው።

ቅርንጫፋማ፦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁጥቋጦ። ቅርንጫፉ ከጠንካራ ቁርጥራጮች የተቀጣጠለ ሲሆን በመካከላቸው ኖራ የሌለው ለስላሳ መጋጠሚያ አለ፤ ማዕበል ሲመታው የሚታጠፈው በዚህ ነው። በሞቃት ባሕሮች የሚገኙት ጃንያና አምፊሮዋ የዚህ ምሳሌ ናቸው።

ድቡልቡል፦ አለት ሳይዝ በባሕር ወለል ላይ የሚንከባለል ኳስ መሰል ዓይነት። ሮዶሊት ይባላል። ውኃው እያገላበጠ ብርሃን በሁሉም በኩል ስለሚደርሰው ዙሪያውን ያድጋል። ይህን ከአለት ላይ ሳይሆን ከውኃ በታች ባለ ጠጠራማ ወለል ላይ ይፈልጉ።

አሁን አጉሊ መነጽሩን ያውጡ። የንጣፉ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ከመሐሉ ይልቅ ነጣ ይላል፤ አዲስ የሚያድገው ክፍል ነው። በፊቱ ላይ መሐላቸው የተበሳ ጥቃቅን እብጠቶች ካዩ፣ አልጌው የመራቢያ ዘሩን የሚያዘጋጅባቸውን ክፍሎች አይተዋል። እነዚህን ካገኙ የያዙት ኮራላይን አልጌ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። ስፖንጅ ቀይ ወይም ሮዝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሲነካ ይለሰልሳል፣ ትልልቅ ቀዳዳዎችም አሉት። ፔይሶኔሊያ የተባለው ሌላ ቀይ አልጌ እንደ ንጣፍ ይተኛል፤ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ጠርዙም ብዙ ጊዜ ከአለቱ ተነስቶ ይታያል። ብራዮዞዋ የሚባሉት ጥቃቅን እንስሳት የሚሠሩት ሽፋን በአጉሊ መነጽር ሲታይ በረድፍ የተደረደሩ ሳጥኖች ያሳያል። ኮራል ደግሞ የእያንዳንዱ እንስሳ መቀመጫ የሆኑ ጽዋዎች አሉት፤ ኮራላይን አልጌ ላይ እንዲህ ያለ ጽዋ የለም።

የተሳሳተ ሰው አይፈር። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ቅርንጫፋማውን ዓይነት ከእንስሳት ጋር መድቦት ነበር። ድንጋይ የሚመስሉት ንጣፎች ዕፅዋት መሆናቸውን ጀርመናዊው ፊሊፒ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው።

ደረጃ 7፦ በአቼቶ ያረጋግጡ

ሕይወት ባለው ንጣፍ ላይ አቼቶ አያፍስሱ፤ ያቃጥለዋል። ማዕበል ገንጥሎ የጣለው፣ ነጥቶ የደረቀ ቁራጭ ይፈልጉ። ከእሱ የምስር ፍሬ የምታክል ቅንጣት በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀምጠው ጠብታ አቼቶ ይጨምሩ። አረፋ ካልወጣ ኮራላይን አይደለም።

አረፋ መውጣቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ዛጎልም ኮራልም ይፈላሉ። ፈተናው ስፖንጁን፣ ዝገቱንና ለስላሳውን አልጌ ይጥልልዎታል፤ ዛጎሉንና ኮራሉን የሚለይልዎ አጉሊ መነጽሩ ነው። ሁለቱን አብረው ሲጠቀሙ ብቻ እርግጠኛ ይሆናሉ።

ደረጃ 8፦ ይለኩ፤ ይመዝግቡ

ክፈፉን በአለቱ ላይ ያስቀምጡ። ከ25ቱ ካሬዎች ከግማሽ በላይ ሮዝ የሆኑትን ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ካሬ 4 በመቶ ነው። ሰባት ካሬ ካገኙ 28 በመቶ ብለው ይጻፉ። በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው እርከን ይህንኑ ይድገሙ። ከቁጥሩ ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አለቱ ባዛልት ይሁን ኮራል፣ ፊቱ ወደየት እንደሚያይ፣ ጥላ መሆን አለመሆኑን፣ የባሕር ጃርት መኖሩን ይመዝግቡ። ክፈፉን ከላይ ቀጥ ብለው ፎቶ ያንሱት፤ ማስመሪያው በፎቶው ውስጥ ይግባ።

ነጥቶ ያገኙትን ለብቻው ይቁጠሩ። የነጣው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ዓመት በዓመት ሲነጻጸር ብዙ ይናገራል። ከኢንዱስትሪው ዘመን ወዲህ የዓለም ባሕር ወለል ፒ ኤች ከ8.2 ገደማ ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም አሲድነቱ በ30 በመቶ ያህል ጨምሯል ማለት ነው። ማግኒዥየም የበዛበት የኮራላይን ገላ በአሲድ ከሌላው ኖራ ይልቅ ቶሎ ስለሚሟሟ ይህ ለውጥ ቀድሞ ከሚነካቸው ፍጥረታት አንዱ ነው።

በሌላ በኩል ይህ አልጌ ራሱ መዝገብ ነው። በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖሩ አንዳንድ ዓይነቶች እንደ ዛፍ የዓመት ቀለበት ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከካናዳ ሰሜናዊ ዳርቻ በተወሰዱ ንጣፎች የአርክቲክን የባሕር በረዶ የ646 ዓመት ታሪክ አንብቧል።

ከአለቱ ምንም አይንቀሉ። መዳፍ የሚያክል ንጣፍ ዓመታት የፈጀ ሊሆን ይችላል። ያገላበጡትን ድንጋይ እንደነበረ ይመልሱ፤ ከሥሩ ያሉት ፍጥረታት ፀሐይ አይችሉም።

ደረጃ 9፦ ራስዎን ይጠብቁ

የደጋ ሰው የባሕርን አደጋ ስለማያውቅ ይህን ክፍል አብረውዎት ለሚጓዙት ጮክ ብለው ያንብቡ።

• ለማዕበሉ ጀርባዎን አይስጡ፤ ለብቻዎም አይውረዱ።
• ረጥቦ አረንጓዴ የለበሰ አለት ያንሸራትታል፤ በደረቀውና በሸካራው ላይ ይርገጡ።
• እጅዎን በማያዩት ስንጥቅ ውስጥ አይክተቱ። በዚህ ባሕር ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛማ ዓሣ አለ። የወጋው ሰው የተወጋውን ቦታ ቆዳን በማያቃጥልና ሊችለው በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ ከትቶ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ።
• በአንድ ጫፉ የሾለ፣ ያማረ ጥለት ያለው የኮን ቅርጽ ዛጎል ቢያገኙ አያንሱ። ባለቤቱ ውስጥ ካለ መርዙ ሰው ሊገድል ይችላል።
• ውኃው መመለስ ሲጀምር ሥራ ቢቀርም ይውጡ።

ድንበር መሻገር ላልቻለ፦ የአፋር ጥንታዊ ዳርቻ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ የኮራል ዳርቻ ማየት ይቻላል፤ ውኃው ግን የለም። ቀይ ባሕር በቀደመው ጊዜ ዛሬ በኤርትራ ባለው የዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል ገብቶ የደንከልን ዝቅተኛ ቦታ ሞልቶት ነበር። የመጨረሻው ታላቅ ሙላት ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ፤ የአፋር ጨው ቆራጮች አሞሌ የሚያወጡበት ሰፊ የጨው ሜዳ ከዚያ ታሪክ የተረፈ ነው። በሜዳው ዳርና ዳር ደግሞ የዚያ ባሕር የኮራል ሪፍ ድንጋይ ሆኖ ከነዛጎሎቹ ቆሟል፤ ከባሕር ጠለል በታች፣ ባሕር በሌለበት።

በዚያው ዘመን፣ ከዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር በአብዱር፣ ሰዎች በሪፉ ላይ የድንጋይ መሣሪያ ትተው አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ይህ ግኝት ሰው በቀይ ባሕር ዳርቻ ይኖር እንደነበር ያሳየ ነው።

በጥንታዊ ሪፍ ላይ ኮራላይን ሲፈልጉ ሮዝ ቀለም አይጠብቁ፤ ከሞተ በኋላ ቀለሙ ይጠፋል። የኮራሉን ጽዋዎች ይፈልጉና ከላያቸው የተለበጠ፣ ጽዋ የሌለው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነጣ ያለ ልባስ ካለ ይመልከቱ። ትንሽ ውኃ ቢያርከፈክፉበት ከሚሊ ሜትር የሚቀጥኑ ንብርብሮቹ ይጎላሉ። ወደ ደንከል ያለ ክልሉ ፈቃድና ያለ አፋር መሪ አይሄድም፤ ቅሪተ አካል ያለ ፈቃድ ማንሳትም በሕግ የተከለከለ ነው። አቼቶውን እዚያ አይጠቀሙበት፤ የሚጎዳው የማይተካ ቅርስ ነው።

ከጉዞው በኋላ

ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ አይቆልፉት። ቁጥሮቹንና ፎቶዎቹን በአንድ ገጽ ጽፈው ለሰፈርዎ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ይስጡ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ስለ ባሕር የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አህጉር በተወሰደ ሥዕል ነው፤ ከለቡ በባቡር የሚደረስበትን ዳርቻ በቁጥርና በፎቶ ሲያይ ትምህርቱ የራሱ ይሆናል። ክፈፉን ያስቀመጡበትን አለት ቦታ በትክክል ይጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት በተመሳሳይ ወርና በተመሳሳይ የጨረቃ ቀን እርስዎ ወይም ከክበቡ አንዱ እዚያው ላይ ደግመው ይለኩ። አንድ ልኬት ፎቶ ነው፤ ሁለተኛው ልኬት ግን ሮዙ እየሰፋ ነው ወይስ እየነጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ይጀምራል፤ ያ ዳርቻ ከማንም በላይ የሚያስፈልገውም ይህን የሚጠይቅለት ሰው ነው።